ዝናብ ውስጥ የተነሡ እጆች

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ፣ የብቸና ከተማ ጉባኤ የየኔታን የሣር ቤት ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ምን እንደተወሰነ ግን ከተሰብሳቢዎቹ አንድም ሰው አልሰማም።

የማጋንን ይመስላችኋል። የብቸናን ክረምት የማታውቁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። ጠዋት ሰማዩ ንጹሕ ነው፤ ከምሳ በኋላ ጭጋጉ ከአባይ በኩል ቀስ ብሎ ይመጣና ሱቆቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል፤ ዝናቡም ይከተለዋል፤ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን ቤት በትዝታ ያየዋል። እንዲህ ያለ አገር ስለ ጣሪያ ሲከራከር ቀልድ አይደለም።

ዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ቆርቆሮ እንዲለብስ ከአውራጃው ትእዛዝ ወርዷል። ሞጣ ቀድማ ለበሰች መባሉ ደግሞ ብቸናዎችን እንቅልፍ ነሥቷል። የቀረው የየኔታ የቅኔ ቤት ብቻ ነው። ወይ ቆርቆሮ ያለብሱታል፣ ወይ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በማያይ ዓይናቸው፣ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከከተማው ይወጣሉ።

“ቅኔ የሚገባው በጆሮ ነው” አሉ የኔታ ተነሥተው። “ቆርቆሮ ሥር ክረምቱን ሙሉ ደንቆሮ መሆናችን ነው።”

የጎረቤታቸው ባለሱቅ አቶ ሙሉጌታ ቀበል አደረጉ። “የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ሣርዎ እሳት የያዘው ዕለት እርስዎ ቅኔዎን በአፍዎ ይዘው ይወጣሉ። እኔ አቡጀዲዬን በምኔ ልይዘው ነው?”

አዳራሹ ሣቀ። የኔታም ሣቁ። “እሱስ እውነትህን ነው፣ ልጄ። አቡጀዲ ግን ጸጥታ አይፈልግም።”

ሰብሳቢው የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ግርማ ነበሩ፤ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የተመደቡ፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ የሣር ጣሪያ ጠላት የሚባሉ። አጠገባቸው የአውራጃው ተወካይ ተቀምጠዋል። አቶ ግርማ ድምፅ ሊያሰጡ ሲነሡ ዝናቡ ደረሰ። የአዳራሹ ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ከበሮ ውስጥ የተቀመጥን መሰለ። ብርሃኑ ግራጫ ሆነ፤ አፍ ይከፈታል፣ አፍ ይዘጋል፤ አንድ ሽማግሌ እየተቆጡ መሆናቸውን ከጣታቸው ነው ያወቅሁት። የአቶ ግርማ ከንፈር ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እጃቸውን አነሡ። የፊተኛው ረድፍ አነሣ፤ ሁለተኛው ፊተኛውን አይቶ አነሣ፤ ተወካዩም ዙሪያቸውን ቃኝተው አነሡ። የኔታ ብቻ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው፣ የሚፈረድባቸውን ሳያዩም ሳይሰሙም ተቀመጡ።

ሲያባራ አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንግዲህ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ እንደወሰነው፣ የየኔታ ቤት በሣሩ ይቆያል።”

እጁን አንሥቶ ሲያበቃ “ምን እንደተባለ አልሰማሁም” የሚል ማን አለ? አቶ ሙሉጌታ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ጀምረው የተወካዩን ፊት አዩና ተመለሱ። ተወካዩ የገዛ እጃቸውን እያዩ ነበር።

ከተማው ለዓመታት ሲያወራው የኖረው አንድ ነገር ነው፤ ሹሙ ቆርቆሮ ብለው ሊያስወስኑ አስበው፣ ጥያቄውን ገልብጠው “በሣሩ ይቆይ የሚል እጁን ያንሣ” ብለው አቅርበው፣ በዝናብ ተሸነፉ። እኔም እንደዚያው አምኜ ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ አቶ ግርማን ጡረታ ወጥተው ሞጣ አገኘኋቸው። ያን ዕለት ጥያቄውን እንዴት አድርገው እንዳቀረቡት ጠየቅኋቸው።

“ስብሰባው የተጠራው ለጠዋት ነበር” አሉኝ። “ወደ ከሰዓት ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ጥያቄ ግን አላቀረብኩም። አባታችን ሆይን ነበር የምደግመው።”