ምግብ ጠረጴዛ ላይ የተቆረቆረ መንደር

ክረምት ላይ ምን ትሠራላችሁ? አንዳንዱ ጣራ ያስጠግናል። አንዳንዱ ልጆቹን ኮርስ ያስገባል። አንዳንዱ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ዝናቡን ይራገማል። እኔ ወታደር እቀባለሁ። አትሳቁ። ወይም አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ የምነግራችሁ ብዙ ነው።

ወታደሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ቁመታቸው ከክብሪት እንጨት ያንሳል። ሳጥን ውስጥ ግራጫ ሆነው ይመጣሉ፣ እጃቸው ለብቻ፣ ጭንቅላታቸው ለብቻ። ታጣብቋቸዋላችሁ፤ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ካባቸውን፣ ጫማቸውን፣ ካሻችሁ ደግሞ ቅንድባቸውን ትቀባላችሁ። ሲያልቁ መሬት ትሠሩላቸዋላችሁ፤ ኮረብታ፣ ወንዝ፣ ቤት። በመጨረሻ ከጓደኛችሁ ሠራዊት ጋር ታገናኟቸውና እንደ ሉዶ ዳይስ እየወረወራችሁ ታዋጓቸዋላችሁ። እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ብላችሁ ብላችሁ ዕድሜዬን ልትጠይቁኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ይህን በሽታ ያስያዘኝ ፍቅሩ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንት ዓመት የቤት ፕላን ስንነድፍ ኖርን። ኮምፒውተር ሲመጣ እኛ ሄድን። አሁን እሱ ፉሪ ነው፣ እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የእህቱ ልጅ የበረራ አስተናጋጅ ስለሆነች ሳጥኖቹን እሷ ታመጣለች። ለእሱ ሰማያዊ ካባ፣ ለእኔ ቀይ ካባ ብለን ተከፋፈልን። እጃችን እርሳስና ማስመሪያ ለምዶ ሥራ ሲፈታ ምን እናድርገው?

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። መንጃ ፈቃድ ጀምሬ ነበር። ጊታር ጀምሬ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የጀመርኩትን መደርደሪያ ባለቤቴ አስካለ ሽንኩርት ትሰቅልበታለች። ወታደሮቹንም ቢሆን አምስት ክረምት ሙሉ ጀምሬ አምስቱንም አልጨረስኩም። ፍቅሩ ጋ ለውጊያ ስሄድ ከሠራዊቴ ግማሹ ግራጫ ነው። «ምልምሎችህ ደረሱ?» እያለ ይቀበለኛል። ዘንድሮ ግን ቀልዱን ተወው። «ስማ፣ ከምልምል ጋር መዋጋት ሰልችቶኛል» አለኝ። «እስከ መስቀል ሰዉንም መሬቱንም ካልጨረስክ ሳጥኑን መልስልኝ፤ ሌላ ሰው አገኛለሁ።» የሳቀ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። እኔ ከፍቅሩ ሌላ ጓደኛ የለኝም።

አስካለም በበኩሏ ቀን ቆረጠችልኝ። ቤታችን ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው። ከሰኔ ጀምሮ እሱ ላይ መንደር ስለቆረቆርኩበት ጭናችን ላይ ነው የምንበላው። ሌላ ጊዜ ለመስቀል እሷ ጉራጌ አገር ትሄዳለች፤ ዘንድሮ እናቷ ለዓይን ሕክምና እኛ ቤት ስላሉ ወንድሞቿ ሁሉ ወደዚህ ሊመጡ ሆነ። «መንደርህን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሳ። ከመስቀል ወዲያ አንድ ቀን አልጨምርም» አለች። አስካለ አንድ ነገር ሁለቴ አትናገርም።

ስለዚህ ተያያዝኩት። የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ቆርጬ ኮረብታ አደረግኩ። ካርቶን ልጬ ውስጡ ያለውን ሽንሽን አወጣሁ፤ ቀለም ሲቀባ ቁርጥ ቆርቆሮ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቀዳድጄ ዛፍ ተከልኩ። ለአፈሩ የቡና አተላ አድርቄ ነሰነስኩ። ስኳሩን ረስቼው ኖሮ በማግስቱ ጉንዳን ኮረብታውን በሰልፍ ሲወጣው ደረስኩ። እንደዚያ ያለ ሥርዓት ያለው ሠራዊት በሕይወቴ አላዘዝኩም። ነሐሴ ሲያልቅ ሃምሳ ወታደሮቼ በሙሉ ካባቸውን ለብሰው ጨረሱ፤ ቀረኝ የምለው መንደሩ ብቻ ሆነ።

ቤቶቹን ከየት አመጣሃቸው ትሉኝ ይሆናል። በጨዋታው ሕግ መሠረት መንደሩ የሌለ አገር መሆን ነበረበት፤ ግንብ ምናምን ያለው። ፕላን ነዳፊ ግን እጁ የሚሄደው ዓይኑ ያየውን ተከትሎ ነው። የእኔ ዓይን ደግሞ በየቀኑ በመስኮት የሚያየው ከወንዙ ማዶ ያለውን አሮጌ መንደር ነው። ሳላስበው ወንዙ መጣ፣ ጠባቧ ድልድይ መጣች፣ ንፋስ እንዳያነሳው ድንጋይና አሮጌ ጎማ የተጫነበት ቆርቆሮ መጣ። ጥግ ላይ፣ ወንዙ አፋፍ፣ አንዲት ግድግዳዋ ዘመም ያለ ቤት ነበረች። እሷን ጨርሼ አፈረስኳት። ውጊያ የደረሰበት መንደር ፍርስራሽ ያስፈልገዋላ! ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ማገሮቿን በክብሪት አንድ በአንድ ለበለብኳቸው። ከእጄ ከወጣ ሥራ ሁሉ የምኮራው በእሷ ነው።

መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ሰባት ጣራ ሁለተኛ ቀለም ይቀረው ነበር። እንዳልረሳቸው በቀይ ቀለም አናታቸው ላይ ኤክስ ኤክስ አደረግኩባቸው። የቢሮ ልማድ ነው፤ ያላለቀ ነገር ላይ ቀይ።

የአዲስ አበባ ሰው ከሆናችሁ አሁን ልባችሁ ድንግጥ ብሏል። በዚህ ከተማ ቀይ ኤክስ የተቀባ ቤት ሊፈርስ ተራ የያዘ ቤት ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ከርሜ የምኖርበትን ከተማ ረስቼው ነበር።

ያን ቀን ጥሩ ፀሐይ ወጣ። ሙጫው እንዲደርቅ ብዬ መንደሩ የተሠራበትን ሰሌዳ ተሸክሜ ወረድኩና ከጋራ መገልገያው ቤት፣ ከኮሚናሉ ጎን፣ የጎረቤት በርበሬ ከተሰጣበት አጠገብ አስቀመጥኩት። ጥበቃችንን ጋሽ ቶሎሳን ድመት እንዳይወጣበት እዩልኝ አልኳቸው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። እኔን ኢንጂነር ይሉኛል፤ አይደለሁም ማለት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«ይቺ ድልድይ የኛ አይደለችም?» አሉኝ።

«የናንተው ናት!» አልኩ በኩራት። ሥራዬን ሰው ሲያውቅልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቀይ ያለባቸው ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«መቼ ነው?»

«ከመስቀል በፊት ማለቅ አለባቸው። ቀን የቆረጠችው ባለቤቴ ናት፤ እኔማ ምን ሥልጣን አለኝ?»

ጋሽ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሙቀቱ መሰለኝ። ምሳ ሳይደርስ ወደ ቤታቸው ሲሮጡ ከመስኮት አየኋቸው፤ እሳቸው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በራችን ተንኳኳ። ሽማግሌ ተልኮብናል! የማዶው መንደር የእድር ሊቀመንበር ሐጂ ከድር ከፊት፣ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊት ከመሃል፣ ጋሽ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን ይዘው ከኋላ። አስካለ ግራ ገባት፤ ለጋብቻ እንዳይባል ሴት ልጅ የለንም። ተቀመጡ ስትል ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔን አላዩኝም። ሦስቱም የቆሙት ወደ አስካለ ዞረው ነው።

«ወይዘሮ አስካለ» አሉ ሐጂ ከድር፣ «ውሳኔው የእርስዎ መሆኑን ሰምተናል። አይሆንም ልንል አልመጣንም። ግን ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ልጆችም ትምህርት ጀምረዋል። ትንሽ ቀን እንዲጨምሩልን ነው ልመናችን።»

አስካለ በክፉ ዓይን አየችኝ። ጠረጴዛውን ላለመልቀቅ ሽማግሌ የላክሁባት መስሏታል።

«አባቴ፣ እኔ ሦስት ወር ሙሉ ታገስኩ» አለች። «የእናንተን ክብር እወዳለሁ። ግን ከመስቀል ወዲያ አንድ ቀን አልጨምርም።»

እማማ ጥሩነሽ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጣራዎቹ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ፣ ከነቀያቸው። እናንተዬ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የሰው ቤት ላይ ስጫወት ከርሜያለሁ።

«መጫወቻ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሰሌዳው መጫወቻ ነው፣ ማንም አያፈርሳችሁም፣ ማለቴ እኔ አላፈርሳችሁም!»

ሐጂ ከድር ፀጉሬን አዩት፤ ሽበቴን መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሽበት ያለው ሰው መጫወቻ ነው ካለ የሚደብቀው ከባድ ነገር ቢኖር ነው። ሮጬ ወታደሮቹን አመጣሁ። ዳይሱን አሳየኋቸው። ካባቸውን፣ ቅንድባቸውን ሳይቀር አስረዳሁ። ባሰብኝ። በመጨረሻ አስካለ ነገሩ ሲገባት ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር እጇን አጣምራ ተናገረች። «እውነቱን ነው። ይጫወታል። ከሰኔ ጀምሮ እየተጫወተ ነው።» ሐጂ ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሐዘኔታ አዩ። ያዘኑት ለእሷ ነው።

«እሺ፣ መጫወቻ ይሁን» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ቀዩ ታዲያ ምንድነው?»

«የቀረኝን እንዳልረሳ ነው።»

«እንግዲያው አጥፋዋ! እኛ እያየን።»

እኔን በስድስት ክረምት ፍቅሩም፣ አስካለም፣ የራሴ ህሊናም ያላስጨረሱኝን ሥራ ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ከሰዓት አስጨረሱኝ። ሐጂ ከድርና ጋሽ ቶሎሳ ሰሌዳውን ተሸክመው አመጡት። ዙሪያዬን ተቀመጡ። አንድ ጣራ ቀብቼ ቀና ስል «ይቺንም» ይላሉ። ስቀባ ደግሞ የማን ቤት እንደሆነ ይነግሩኛል። ይሄ የልብስ ሰፊው ነው፤ ይሄ መንታ የወለደችው ልጅ ቤት ነው፤ ይሄ የሐጂ ሱቅ ነው፣ በሩ ሰማያዊ ይሁን። ሰማያዊ ሆነ። ቀይ የሚባል ነገር ጠፋ።

እፎይ ብዬ ብሩሼን ላጥብ ስል እማማ ጥሩነሽ ጣታቸውን ወደ ጥግ ዘረጉ።

«ይቺ የኔ ናት» አሉ። «ምን አድርጌህ ነው ያፈረስካት?»

የእጄ ምርጥ ሥራ ናት ልበላቸው? ማገሯን ለመለብለብ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ ልበላቸው? አላለቀሱም። አልተቆጡም። ቆርቆሮዋን ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በገዛ እጃቸው እንደመቱት ብቻ ነገሩኝ። ለፍርስራሼም አዘንኩላት፣ አልዋሻችሁም። ግን ካርቶን ቆረጥኩ። ግድግዳ አቆምኩ። የተለበለበውን ማገር ሸፈንኩት። «በሩ በወንዙ በኩል ነው» አሉኝ፤ አዞርኩት። «ደጄ ላይ ጌሾ አለ» አሉኝ፤ ከስፖንጅ ተከልኩ። ጣራው ሲከደን ጎንበስ ብለው በበሩ ወደ ውስጥ አዩ። ምን እንዳዩ እንጃ፤ ባዶ ነው። «ተባረክ» አሉኝ።

እነሱ እንደወጡ ፍቅሩ ጋ ደወልኩ። ጨረስኩ አልኩት። «ምልምሎቹስ?» አለ። ሁሉም ተመርቀዋል አልኩት።

መስቀል ደረሰ። ጠረጴዛው ባዶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ አደይ አበባ ተቀምጦበት ይጠብቃል። አማቼ አንዴ አዩትና «ክትፎ በጠረጴዛ?» ብለው ጅባ፣ የእንሰት ምንጣፍ፣ አስነጠፉ፤ የአስካለ ወንድሞችም ተከትለዋቸው መሬት ተቀመጡ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ብቻውን ዋለ። እኔ ወደዚያ እንኳ አላየሁም።

በማግስቱ ሰሌዳውን በባጃጅ ጭኜ ፉሪ ሄድኩ። ፍቅሩ ዞሮ ዞሮ አየና ፍርስራሹ የት ሄደ አለ። ታደሰ አልኩት። ውጊያው ተጀመረ። ሰማያዊ ካባዎቹ ድልድዩን ተሻግረው እማማ ጥሩነሽ በር ላይ ደረሱ። እዚያ ቤት አይገባም አልኩት። የት ሕግ ላይ ተጽፏል አለኝ። የቤቱ ባለቤት ውስጥ ናቸው አልኩት። ፍቅሩ ዳይሱን እንደያዘ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ወታደሮቹን አንድ በአንድ አንስቶ በኮረብታው በኩል አዞራቸው። በዚያው ዞሮ አሸነፈኝ።

እንግዲህ ሰው የጀመረውን ሲጨርስ እንዴት እንደሚያርፍ ልነግራችሁ ነበር አነሳሴ። በሳምንቱ ግን በራችን ተንኳኳ። የማላውቃቸው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ከድልድዩ በላይ ያለው ሰፈር ነዋሪዎች ነን አሉ። እማማ ጥሩነሽ ሰሌዳው ላይ ቤታቸው እንዳለ፣ ጣራውም ደህና እንደሆነ ነግረዋቸዋል። እነሱ ግን ሰሌዳው ላይ የሉም።

«እኛ ለምን ቀረን?» አለች ሴትዮዋ። «የኛ አልቆለት ነው?»

ሰሌዳው መጫወቻ ነው፣ የማንንም ቤት አያቆምም፣ ደግሞስ ሥራው አልቋል፣ ጨርሻለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ጨርሻለሁ የምትለዋን ቃል ገና አልጠገብኳትም ነበር። አስካለ እንድታስጥለኝ ዞር ብዬ አየኋት። ለዚያ ጠረጴዛ ሦስት ወር ሙሉ የተዋጋችኝ ሴት አበባውን አነሳች። የጠረጴዛ ልብሱን በአራት አጠፈች።

«ግቡ» አለቻቸው። «ስንት ቤት ናችሁ?»

«አርባ ሁለት» አሉ።

«ጠረጴዛዬን ለገና እፈልገዋለሁ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «አንድ ቀን አልጨምርም።» ከዚያ የቀለም ሳጥኔን ከፍታ ቀዩን መርጣ አወጣችና ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ከዚያ ወዲህ የምቀባቸው ወታደሮች ካባ አረንጓዴ ነው።