ፕሮጀክተሩ እኔ ጋ፣ ተመልካቹ ጥሩወርቅ ጋ

የበደለችኝ ጥሩወርቅ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር፣ የማርያም ጽዋ ተራ እኔ ቤት ሲደርስ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «አልጋነሽ ባሏ ሞቷል፣ ልጇም ደሴ ናት፤ ብቻዋን ለምን ትደክማለች? የሷን ተራ እኔ እደግሳለሁ» አለች።

አዘነችልኝ አሉ!

ከዚያ ወዲህ ተራዬ ተረሳ። በሬን የሚያንኳኳው ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ብቻ ነው። እሱም ከደጅ ይመለሳል።

እና ትናንት የደረሰብኝን ብጽፍላችሁ አታምኑኝም።

ከሃያ ዓመት በፊት ላሊበላ መጥታ ቤቴ ያረፈች ፈረንጅ የጽዋውን ድግስ ቀርጻ በሲዲ ልካልኝ ነበር። ልጄ ከሲዲው ገልብጣ በፍላሽ ላከችልኝ። አርባ ሰው ቤቴ ሞልቶ፣ እኔ ጠላ እየቀዳሁ! ደካማዋ ማን እንደሆነች ይዩዋት አልኩ።

በስልክ ለማኅበሩ ሁሉ አይታይም። ወልድያ ወርጄ ፕሮጀክተር ልገዛ ሄድኩ።

ሻጩ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ትልቅ ነው፤ መብራት ከሌለ አይሠራም። ሌላው ጠርሙስ የሚያክል፣ ባትሪ ያለው። «እማማ፣ ይሄኛው ምስሉን ራሱ ያጠራል፣ እርስዎ ምንም አይነኩም» አለኝ። የሰፈራችንን መብራት ታውቁታላችሁ። ባለባትሪውን ያዝኩ።

«ነጭ ጨርቅ ይሰቅሉለታል፤ ወፍራም ይሁን» አለኝ።

ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ነው የተውኩት!

ቤቴ ያለው ወፍራም ነጭ ጨርቅ የሟቹ ባለቤቴ ጋቢ ነው። መሐሉን ጧፍ በስቶታል። ጥሩወርቅ ቀዳዳውን አይታ አንገቷን ስታዘነብልልኝ ታየኝ። ስለዚህ ጓሮዬ ውስጥ፣ ከአጥሩ ፊት፣ አዲሱን ነጠላዬን ሰቀልኩ።

ነጠላ! ፀሐይ ፊት ሲይዙት ማዶውን የሚያሳይ ነጠላ!

ማኅበርተኞቹን ሁሉ «ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ኑ፣ የምታዩት አለ» ብዬ ጠራሁ። ጥሩወርቅንም ጠራሁ። ያለ እሷማ ምን ትርጉም አለው? ከዕድር አሥራ ስምንት ወንበር ተዋስኩ። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ከፈትኩት። ድምፁ ሰፈሩን ሞላው። ነጠላው ላይ ያለው ግን ጥላ ነው፤ እሱንም ነፋሱ ያወዛውዘዋል።

ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም።

አሥራ ስምንት ባዶ ወንበር ፊት ለብቻችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ?

ያኔ ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ሰማሁ።

ማዶው የጥሩወርቅ ግቢ ነው። በጓሮዬ በኩል የሚታየውን ግድግዳዋን ለእንግዳ ብላ በኖራ አስቀብታዋለች። ብርሃኑ ነጠላዬን አልፎ፣ አጥሩን ተሻግሮ እዚያ ላይ አርፏል። ያ ራሱ ያጠራል የተባለው ዕቃ የሚወዛወዘውን ነጠላ ትቶ፣ የማይነቃነቀውን ግድግዳ መርጦ አጥርቷል!

ድግሴ ቤት አክሎ በጥሩወርቅ ግድግዳ ላይ ይታያል። ወደ እኔ የሚመጣ ሁሉ በሷ በር ነው የሚያልፈው። አይተው እዚያው ገቡ። እሷም አግዳሚ አውጥታላቸዋለች።

በአጥሩ ቀዳዳ አዳመጥኩ።

«ውይ፣ እማሆይ ዘውዴ! ነፍሳቸውን ይማር!»

«ያቺ ቀጭኗ ደግሞ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ፣ ጥሩወርቅ!»

«እኔ? ምነው ያን ወገብ የት ጣልኩት!»

ሳቁ፣ ሳቁ። ከዚያ ጥሩወርቅ ቀጠለች፦ «አልጋነሽን እዩልኝ፣ እንደ እንዝርት ስትሾር!»

«እሷስ አሁን የት ናት?» ያለ የለም።

አጠፋሁት።

ጨለማ። ቀጥሎ የጥሩወርቅ ድምፅ፦ «አልጋነሽ! አልጋዬ! ልጨፍር ብድግ ስል ታጠፊዋለሽ?»

ሌሎቹም ተቀበሏት፦ «እትዬ አልጋነሽ! ኧረ አብሪልን!»

ከዚያ ግቢ ስሜ ሲጠራ ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እጄ ወደ ማብሪያው ሄደ። ግን እኔም እኔ ነኝ።

«የሚቀጥለው ጽዋ የማን ነው?» ብዬ በአጥሩ ላይ ጮህኩ።

ደግሜ ጮህኩ፦

«የማን ነው?»

«ያንቺ ነው!» አለች ጥሩወርቅ። «የማርያም ያለህ፣ ያንቺ ነው! አብሪው አሁን!»

«ከአንድ አፍ አልቀበልም። ሁላችሁም!»

«ያንቺ ነው!» አሉ፣ በአንድነት፣ ልክ እንደ ተማሪ።

መልሼ ከፈትኩት። ነጠላውን አወረድኩ። አንድ ወንበር ይዤ ዞሬ ሄድኩና ከጥሩወርቅ ሁለት ሰው ርቄ ተቀመጥኩ።

ዳቦውን ግን አልወሰድኩላቸውም። ዛሬ ጠዋት ከአሥራ ሰባት ባዶ ወንበር ጋር ብቻዬን በላሁት።