የኪዳን ነርቭ

[ዐረብ አገር፣ አቡ ሐሊፋ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ያለ የግል ቤተ ሙከራ። መጋረጃው ተዘግቶ ክፍሉ ጨልሟል። የሺሐረግ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች። ደስማ በሚባል ሰፈር ማዳም ቤት ስምንት ዓመት ሠርታ እዚህ ጽዳት ከገባች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ኪዳን ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሷል። ዛሬ ቀለም ያጠጣቸው ሴሎች ካበሩ ዶክተር ሳዲቅ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ ሊያሳድስለት ቃል ገብቶለታል። ካላበሩ ወደ አገር ቤት መግባቱ ነው።]

የሺሐረግ፦ ተገልብጦ ነው የተገጠመው እያልኩህ ነው። መነጽሩ ከሥር ሆኗል።

ኪዳን፦ እትዬ የሺ፣ አሠራሩ ነው። ሴሎቹ የሳህኑ ወለል ላይ ስለሚጣበቁ ከሥር ነው የሚታዩት።

የሺሐረግ፦ ሩዝ ድስት እንደሚይዘው?

ኪዳን፦ ሩዝ አይደለም፤ የኩላሊት ሴል ነው። [የማይክሮስኮፑን ቁልፍ አዞረ።] በራ። እትዬ የሺ፣ በራ።

የሺሐረግ፦ እልል ልበል?

ኪዳን፦ ቆይ፣ ይሄ ተራ ሴል አይደለም። ረጅም፣ ሰማያዊ… ነርቭ አብቅሏል።

የሺሐረግ፦ ኩላሊት ነርቭ ያበቅላል እንዴ?

ኪዳን፦ እስከ ዛሬ አላበቀለም። ግኝት የሚባለው ታዲያ ምን ይመስልሻል? «የኪዳን ነርቭ» ብዬዋለሁ። ፎቶውን አሁኑኑ ለዶክተር ልላከው።

የሺሐረግ፦ ሳትልከው አንዴ ልየው።

ኪዳን፦ አይተሽ ምን ሊገባሽ። [ቦታውን ግን ለቀቀላት።]

[የሺሐረግ ዓይኗን አስጠግታ አየች። እናቷ ጥጥ ፈታይ ነበረች። ልጅ ሳለች እንዝርቱ ሲሾር እያየች የምትቀመጥበት ደጃፍ ድንገት ፊቷ ድቅን አለ።]

የሺሐረግ፦ ነርቭ እንደ ተፈተለ ጥጥ ይጠመዘዛል?

ኪዳን፦ ነርቭ እንዳሻው ይሆናል።

የሺሐረግ፦ እጅህን እስቲ አምጣ።

[እጅጌውን ጎትታ ከሥር በሚወጣው ሐምራዊ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። የነጭ ጋውኑ ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ።]

ኪዳን፦ ጋውኔም ነርቭ አለው?

የሺሐረግ፦ ጋውንህ የልብስ ሳሙና አለው። የማዳም ልጅ ልደት ላይ እንዲህ ያለ መብራት ሲበራ፣ ያጠብኩት የወንዶቹ ነጭ ቀሚስ፣ ዲሽዳሻው ሁሉ እንደዚሁ ሲያበራ አይቻለሁ። ነርቭ ያልከው ሳህኑ ውስጥ የወደቀ የእጅጌህ ክር ነው።

[ኪዳን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።]

ኪዳን፦ በቃ፣ ሻንጣዬን ላዘጋጅ።

የሺሐረግ፦ ምን ያስቸኩልሃል? ከክሩ ጎን ደብዘዝ ያሉ ክብ ክብ ነገሮች አይቼ ነበር። ትስቅብኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሳህኑን እስቲ ገፋ አድርገው።

[ገፋ አደረገው። ክሩ ከእይታ ሲወጣ፣ ትንንሽ ሰማያዊ ክቦች እንደ ተዘራ ጤፍ ተበትነው ታዩ።]

ኪዳን፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ሴሎቹ ናቸው። ሁሉም ቀለሙን ጠጥተዋል።

[ፎቶ አንስቶ ላከ። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፤ ዶክተሩ ለኢቃማው እድሳት ነገ ፓስፖርቱን ይዞ እንዲመጣ አዟል። ኪዳን አንገቱን መልሶ አቀና።]

ኪዳን፦ እኔም መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር።

የሺሐረግ፦ ለዶክተሩ ምን ብለህ ጻፍክለት?

ኪዳን፦ «አየን» ብዬ።

የሺሐረግ፦ ደግ አደረግህ፤ እውነት ነው። አንተ ክሩን፣ እኔ ሴሎቹን።