ጄት ስጠብቅ ፕሮፔለሩን በጎን ያሳለፍኩ ቀን

ጓዶች፣ ነገ ቢሮ ስገባ ፊቴን የምሸፍንበት ነገር ያለው ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ሻርፕም ይሆናል፣ ካርቶንም ይሆናል!

ዛሬ አሶሳ ኤርፖርት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ተዋረድኩ። ያዋረደኝ ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር። እኔው ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እንደምታውቁት ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ እዚህ ክልል አንድ ቢሮ ውስጥ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። ያለው በረራ ሁሌ ሙሉ ስለሆነ ክልሉ አብሮት የሚሠራ ትንሽ የግል አየር መንገድ እየመረጠ ነበር። የተመረጠው ድርጅት በየበረራው ሪፈር ለተጻፈላቸው ሕመምተኞች ወንበር ይይዛል፤ ክልሉም ሠራተኞቹን በእሱ ያስጓዛል። ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። አንዱ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አለው። አንዱ ጄት አለው።

ጄት!

እኔ እዚያው ላይ አለቀልኝ።

«ለምን ጄት?» የሚል አርባ ገጽ ሰነድ ጻፍኩ። ባለ ቀለም ፎቶ አለው፣ ማውጫ አለው፣ ምን የሌለው አለ? ፕሮፔለርን «ያለፈ ዘመን ቴክኖሎጂ» አልኩት። ስለ ሞተር የማውቀው የቢሮአችንን ጄኔሬተር ማስነሳት ብቻ ነው፤ እሱም በሦስተኛው ሙከራ።

ስብሰባ ላይ ተነስቼ «እስከ መቼ ታዳጊ ክልል እየተባልን እንኖራለን? እኛስ ከማን እናንሳለን?» ስል አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ጭብጨባ ሰው ያበላሻል፣ ከእኔ ስሙ።

አሁን እማማ ዘሃራን ላስተዋውቃችሁ። የበርታ ሴት ናቸው፣ አከራዬ ናቸው፣ ምሳ ሳልበላ መዋሌን ከአረማመዴ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀረውን ለማትረፍ በየወሩ አዲስ አበባ እየሄዱ ዓይናቸው ላይ መርፌ መወጋት አለባቸው። ቀጠሮ ካሳለፉ ዓይኑ እንደሚሄድ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። በአውቶብስ ሁለት ቀን ነው፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ክረምት ላይ አውቶብሱ መንገድ ላይ ቆሞ አንድ ቀጠሮ አልፏቸው ስንት ቀን እንዳለቀሱ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰነዱን ስጽፍ በሬ ላይ ቆመው አንድ ነገር ጠየቁኝ። (እማማ ሴት ሆነ ወንድ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚሉት፣ እኔም ለምጄዋለሁ።)

«ልጄ፣ ይሄ የምትጽፈው አውሮፕላን፣ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?»

«እማማ፣ ጄት እኮ ነው!»

መልሴን አያችሁት? ስንት ቀን ተብዬ ተጠየቅኩ፣ ጄት ብዬ መለስኩ። እሳቸውም ጨዋ ናቸውና «ማሻአላህ» ብለው ሄዱ።

ወደ ዛሬ እንምጣ።

የጄቱ ድርጅት ሰዎች ሦስት ሰዓት ላይ እንገባለን ብለዋል። የአቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ማን ናት? እኔ! ቀይ ምንጣፍ ከአዳራሽ አስነስቼ ከተርሚናሉ መውጫ በር ላይ አስነጠፍኩ። ባነር አሰቀልኩ። የዋዛ ነፊዎችን ጠራሁ። ለማታውቁት፣ ዋዛ የበርታዎች ረጅም የቅል ጡሩምባ ነው፤ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ሆነው ሲነፉት ደረታችሁ ውስጥ ይሰማችኋል።

የነፊዎቹ መሪ አቶ ሐሚድ ጠጋ አሉኝ።

«ለማን ነው የምንነፋ?»

«ለጄቱ ነዋ!»

«ዋዛ ለብረት አይነፋም። ለሰው ነው።»

«እሺ አባባ፣ ውስጡ ሰው አለበት» አልኳቸው። ፈገግ እንኳ አላሉም።

ልክ በሰዓቱ ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ቀና አልን። ፕሮፔለር! ያ ተፎካካሪው፣ ሰሞኑን የሙከራ በረራ የጀመረው።

«ይሄ አይደለም! አትንፉ! ተረጋጉ!» ብዬ ጮህኩ። ይሄም አልበቃኝም። የፕሮፔለር ተሳፋሪ እንዳይረግጥብኝ ምንጣፉን አስጠቅልዬ በጎን አስቀመጥኩት! በእናታችሁ፣ ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?

ተሳፋሪዎቹ መውጣት ጀመሩ። እኔ በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ «በዚያ በኩል! በጎን እለፉ! እንግዳ እየጠበቅን ነው!» እያልኩ አስተናብራለሁ። ዓይኔ ግን ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው።

ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ሻንጣውን እየጎተተ ፊቴ ቆመ።

«እህቴ፣ ከክልሉ ሊቀበሉን የመጡ ሰዎችን የት ላገኛቸው እችላለሁ?»

«ወንድሜ፣ አሁን አይመቸኝም። ጄት እየጠበቅን ነው።»

ባነሩን አየ። እኔን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጄቱ እኛ ነን።»

አዎ! የጄቱ ድርጅት ኃላፊ በተፎካካሪው ፕሮፔለር ነው የመጣው! «ለሦስት ሰው ብለን ጄት ብናስነሳ አያዋጣንም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። እሱም አፍሯል፣ እኔም አፍሬያለሁ፣ ተያይተን ቀረን።

ቆይ፣ ገና አላለቀም!

ሰውዬውን ለማስተናገድ ስዞር ከጀርባዬ ዷ የሚል ነገር ሰማሁ። አንዲት እናት የጠቀለልኩት ምንጣፍ አደናቅፏቸው በጉልበታቸው ወድቀዋል። እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው የአውሮፕላኑ አብራሪ ናት፤ እሷ ባትደግፋቸው በግንባራቸው ነበር የሚደፉት። ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል።

እማማ ዘሃራ!

ለመርፌው አዲስ አበባ ሄደው ነበር፤ እሑድ በአውቶብስ ይመጣሉ ብዬ ነበር የምጠብቃቸው። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው የሙከራ በረራውን ሰምቶ አሳፍሯቸዋል። መርፌውን የተወጉት ትናንት ነው፤ የሚያየው አንዱ ዓይናቸው ስለታሸገ ምንም አያዩም። እኔ ደግሞ በጎን እለፉ ብያቸዋለሁ። በጎን ያለው ጠጠር ነው።

«ልጄ፣ አንተ ነህ? ድምፅህን ከሩቅ ሰማሁ። ማን አስቆጣህ?»

ማንም አላስቆጣኝም እማማ። አቅፌ አነሳኋቸው፣ እንባዬ መጣ።

አቶ ሐሚድ እኔን ፈቃድ አልጠየቁም። ወደ ጓዶቻቸው ዞረው ምልክት ሰጡና ነፉ። ለማን እንደሚነፉ ባነሩ ላይ አልተጻፈም። እማማ በፋሻቸው ስር ሲስቁ ግን ሁሉም ሰው አይቷል።

ከሰዓት ስብሰባ። ኃላፊያችን «በይ ሰነድሽን አቅርቢ» አሉኝ። ተነሳሁ።

«ከማቅረቤ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። በሳምንት ስንት ቀን ትመጣላችሁ?»

የጄቱ ሰውዬ አልዋሸም፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። «ሁለት ቀን። እሱም ወንበሩ ከሞላ ነው። ጄት ረጅም መንገድ ላይ ነው የሚያዋጣ፣ እንዲህ አጭር መንገድ ላይ ነዳጅ ይፈጃል።»

የፕሮፔለሩን ድርጅት ወክላ የተቀመጠችው አብራሪዋ ደግሞ «በየቀኑ። አሥራ አምስት ሰውም ቢሆን ይዘን እንነሳለን፣ የእኛ ነዳጅ ቆጣቢ ነው» አለች። በቃ፣ ይህን ብላ ተቀመጠች።

«ሰነዴን አንስቻለሁ» አልኩ። «አርባ ገጽ ጽፌ በሳምንት ስንት ቀን የሚል አንድ መስመር የለበትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጭብጨባ የለም። ከኋላ አንዱ «ባለ ቀለም ነበር እኮ፣ ያሳዝናል!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቢሮ ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ ስሜ «ጄቷ» ነው። እንኳን ደስ ያለኝ!

ፕሮፔለሩ ተመረጠ።

ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ እማማ ጋ ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ጉልበታቸው ተልጧል።

«ይቅርታ እማማ፣ ያ ምንጣፍ...»

«ምንጣፍ ነው እንዴ? እኔ ግንድ መስሎኝ።»

ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። ከዚያ በየቀኑ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ወንበርም እንደተያዘላቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«የሚመጣው ወር ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው» አሉ። «እንግዲያ ሰኞ እሄዳለሁ።»

ይኸው ነው ያሉት። ሰኞ እሄዳለሁ። እንዲህ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ሁሌም «መንገድ ከተከፈተ» ነበር የሚሉት።

ንገሩኝ እስቲ፣ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ለሕዝብ ሰነድ ስታዘጋጁ ሕዝቡን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሩቅ ነው እንዳልል፣ የእኔ ሕዝብ የሚኖረው ከግድግዳዬ ማዶ ነው። ማታ ማታ ሲያስሉ ይሰማኛል!