ጋሼ በርሜልና የልጣጩ እሳት

ተመራማሪ የሌለበት ግቢ የለም። አንዱ ግቢ ሬዲዮ ፈታትቶ መግጠም የሚያቅተው ይደርሰዋል፤ ሌላው ጣሪያ ለጣሪያ ሽቦ የሚዘረጋ። ለእኛ የደረሱን ግን ክቡር ጋሼ በርሜል ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ጡረታ የወጡ፣ ባልዲ አንጠልጥለው የሰው ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው "የምትጥሉት አለ?" የሚሉ።

የድንች ልጣጭ፣ የበሰበሰ ሙዝ ወይ የትናንት ሩዝ ሳይቀበሉ ንቅንቅ አይሉም። ጎረቤቴን አንድ ቀን የጎመን ቅጠል ወደ ገንዳ ስትወስድ አግኝተዋት "ልጄ፣ ነዳጅ እኮ ነው የምትጥይው!" ብለው ሦስት ቀን አኮረፏት።

የሰበሰቡት ሁሉ አየር በማይገባው በርሜላቸው ውስጥ ይታፈናል። "ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ይበሉታል፤ እየበሉም ሃይድሮጂን ይሰጡናል። ሲነድ ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው!" ይላሉ። ችግሩ ሌሎች ተሕዋስያን መኖራቸው ነው፤ ሃይድሮጂኑን ቀምተው ሚቴን የሚባል ሌላ ጋዝ ያደርጉታል። ስለዚህ ጋሼ ተሕዋስያኑ ያሉበትን ዝቃጭ መጀመሪያ ቀቅለው እነዚያን ይፈጃሉ፣ የእሳቸዎቹ ቅቅሉን ይችሉታልና፤ ለተረፉት ቀማኞች እንዳይመችም በርሜሉ እንደኮመጠጠ እንዲቆይ ይጠብቁታል። ስለ ቀማኞቹ ሲያወሩ በውርስ የተጣሉትን ዘመድ የሚያሙ ነው የሚመስሉት።

ሽታውን ግን ምን ልበላችሁ! የግቢው ኮሚቴ በመጨረሻ "እስከ ወሩ መጨረሻ ጋዙ ካልነደደ በርሜሉ ይወጣል" ብሎ ቆረጠ። ጋሼ አራት ዓመት የለፉበት ነው። እኔም አዘንኩላቸው። ሽታው ቀነስ ቢል ኮሚቴው ይለሳለስ ይሆናል ብዬ፣ እሳቸው ሳያዩኝ በየሳምንቱ አንድ ጣሳ አመድ በመጨመሪያው ቱቦ እሰድ ጀመር። አመድ ሽታ ያጠፋል ሲባል ሰምቼ ነበር።

ቀኑ ደረሰና ከበርሜሉ በወጣው ቧንቧ ጫፍ ላይ ክብሪት ተጫረ። ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። ኮሚቴው አጨበጨበ፤ በርሜሉ ይቆይ ተባለ፤ ወዲያው ሻይ ተጣደበት። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው እሳቱን አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ ሃይድሮጂን አይደለም። የሱ እሳት በቀን ብርሃን ለዓይን እንኳ አይታይም። ሚቴን ነው። አልተሳካልኝም።"

"ጋሼ፣ ነደደ አይደል እንዴ?" አለች ጎረቤቴ።

"መንደዱንማ ነደደ" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ባልዲያቸው ከደጃፋችን ጠፋ። የአራት ዓመት ስሌታቸውን ከመጀመሪያው ገጽ እያነሱ ሲፈትሹ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። ባለቤታቸው በር ላይ አግኝተውኝ "አርጅቻለሁ፣ መደመርም ጠፍቶኛል ይላል፤ ምግብም አልበላ ብሏል" ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። እዚያው ገብቼ ጉዱን አፈረጥኩት።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አመድ ጨምሬበት ነበር።"

ዱላቸውን ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶ አነሱ።

"ስንት ጣሳ?"

"አራት።"

ጻፉ። አሰቡ፤ እንደገና ጻፉ። "አመዱ ኩምጣጤውን ሰበረው፤ እነዚያ ቀማኞች በምቾት ተባዙ" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ሁለት እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"እኔ እኮ አልተሳሳትኩም!" አሉኝ። "ሰማህ? ስሌቱ ልክ ነበር!"

አጥፍቶ መገኘት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።