ክፍሉ ውስጥ ስንት ናችሁ?

«ሃይብሪድ» የሚባለውን ትምህርት የፈለሰፈው ሰው ሐበሻ ጎረቤት ኖሮት አያውቅም! ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

ለማታውቁት ላስረዳችሁ። ግማሹን ክፍል ገብታችሁ ትማራላችሁ፤ ግማሹን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ከኮምፒውተር ጋር ትፋጠጣላችሁ። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ይሆናል የምትሉ የዋሆች ካላችሁ፣ እኔ ላይ ሁለት ሙሉ ነው የሆነብኝ። ወታደር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ የምለብሰው የአሜሪካ ጦር ልብስ፣ የተመደብኩት ደግሞ ሆላንድ፣ ዘ ሄግ አጠገብ ያለ ጦር ሰፈር (እኔን ማንም አላማከረኝም!)። ቀን ቀን ለጄኔራሎች ስብሰባ ኬብል እዘረጋለሁ፤ ረቡዕ ከሥራ በኋላ እዚያው ክፍል እገባለሁ፤ የቀረውን ዞተርሜር ከተማ በተከራየኋት አፓርታማ እማራለሁ።

ዲግሪዬን ለመጨረስ አንዲት ትምህርት ቀረችኝ፤ ስታትስቲክስ። ሁለት ጊዜ ወድቄባታለሁ። በመጀመሪያው «ልምምድ ላይ ስለነበርኩ ነው» አልኩ። በሁለተኛው ልምምድ አልነበረም... ኮሌጁ አጭር ደብዳቤ ላከልኝ። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ከወደቅህ ዲግሪ የለም። የአምስት ዓመት ልፋቴ በአንዲት ፈተና ላይ ተንጠለጠለ። ፈራሁ። ወታደር አይፈራም ያላችሁ ሰው ስታትስቲክስ አልተማረም።

የፈራ ሰው ምን ያደርጋል? እሑድ ቸርች ሄዶ የጸሎት ርዕስ ያቀርባል። ጉባኤያችን ትንሽ ናት፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ተነሣሁና «ወገኖች፣ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ቤቴ ሆኜ በኮምፒውተር እፈተናለሁ፤ አስቡኝ» አልኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ! እንዲህ ያለ መረጃ ለጠላት ብሰጥ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነበር የምቆመው።

ማክሰኞ ደረሰ። ፈታኟ በኮምፒውተሩ ካሜራ የምትከታተለኝ ሴትዮ ናት፤ የት አገር እንዳለች እግዜር ይወቅ።

«ክፍሉን አዙረህ አሳየኝ።» አሳየሁ።

«ጠረጴዛው ሥር።» አሳየሁ።

«ጆሮህን።» ጆሮዬን!

«ሌላ ሰው ከገባ ወይም ንግግር ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል» አለች። እኔም ዘና አልኩ። ሆላንድ ውስጥ ማን ሳይደውል ይመጣል? እናት ልጇን ለመጠየቅ አጀንዳ የምትገልጥበት አገር እኮ ነው!

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የበሩ ደወል ተንጫረረ። ዝም አልኩ። ደገመ። ዝም። ከዚያ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ... ቁልፉ ጋሽ ተስፋይ ዘንድ ያለው ነው። ጋሽ ተስፋይ ከሮተርዳም ወደብ ጡረታ የወጡ፣ አማርኛን በልጅነታቸው አስመራ የተማሩ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። ለልምምድ ስወጣ አበቦቼን እንዲያጠጡልኝ ቁልፉን የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። ከኋላቸው ከዚያችው ጉባኤ እህት ሰናይት ከነሥራ ልብሷ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ልጇ ሩት።

«ጋሼ፣ እባክዎ!» አልኩ በሹክሹክታ። «ያለ አፍስፕራክ? ያለ ቀጠሮ?»

«አፍስፕራኩንማ አንተው ነህ የሰጠኸን» አሉ፣ ቀጠሮ የሚጽፉባትን ደብተር ከኪሳቸው እያወጡ። «ማክሰኞ፣ አሥር ሰዓት። ይኸው!»

«ዋህት ኤፈን!» አለች ሩት በሆላንድኛ፣ ኮምፒውተሩን ስታይ። «ጋሽ ተስፋይ፣ ቆይ፣ አትጀምር! ካሜራው በርቷል!»

ማን ሰምቷት! ጋሽ ተስፋይ ሁለቱንም እጃቸውን፣ ሰናይት አንድ እጇን አናቴ ላይ ጫኑ። «ጌታ ሆይ፣ መልሱን ግለጥለት! አንድ በአንድ ግለጥለት!»

ፈታኟ ወደ ካሜራው ተጠጋች። «ምን እያሉህ ነው?»

ወታደር አይዋሽም (ከተያዘ በኋላ)። «መልሱ እንዲገለጥልኝ እየጠየቁ ነው።»

«ማንን?»

«እግዚአብሔርን።»

የምትጽፍበት ድምፅ ተሰማኝ። ቅጽ እየሞላች ነበር መሰለኝ። «እሱም ክፍሉ ውስጥ አለ?»

አፌን ስከፍት ጋሽ ተስፋይ ቀደሙኝ። በእኔ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ወደብ ላይ በለመዱት እንግሊዝኛ፣ «ሁልጊዜ!» አሏት።

ፈተናው ተሰረዘ። የላከችው ሪፖርት ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ ክፍሉ ውስጥ የነበሩ፣ አምስት። በካሜራ የታዩ፣ አራት።

«አበላሻችሁት! አምስት ዓመቴን!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሰናይት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ኋላ ከሩት እንደሰማሁት፣ ከአረጋውያን መጦሪያው የሥራ ተራዋን ተቀያይራ፣ ከሮተርዳም ዙይድ ድረስ በሜትሮና በባቡር ነው የመጣችው። ለእኔ ስትል! አፈርኩ። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ኮሌጁ ማብራሪያዬን ሲመረምር ሰነበተና አንድ ዕድል ሰጠኝ። በአካል፣ ጦር ሰፈሩ ውስጥ፣ ከሽቦ አጥርና ከታጠቀ ጥበቃ ጀርባ! ከጸሎት ቡድን በጦር ሠራዊት የሚጠበቅ ተማሪ ከእኔ ሌላ አለ? ቀኑን ለማንም አልተናገርኩም። ብልጥ ነኝ፣ አይደል?

ውጤቱን ላስቀድምላችሁ፤ አለፍኩ። በአንዲት ጥያቄ! ግን የዚያን ቀን ጠዋት የጦር ሰፈሩ በር ጋ ስደርስ መግባቱን ትቼ ቆምኩ። ስልኬን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ልፈተን ልገባ ነው።»

«የት ነህ? መጣን!»

«አይምጡ! አያስገቡዎትም።»

«እንግዲያው ስልኩን አናትህ ላይ አድርገው።»

አደረግሁት። ሙሉ የደንብ ልብስ ለብሼ፣ ቆቤን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ስልኩ አናቴ ላይ «ግለጥለት!» እያለ ይጮኻል። ዓይኔን ስገልጥ የበሩ ጠባቂ መሣሪያውን ታቅፎ ፊቴ ቆሟል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሃይብሪድ ነው» አልኩት። «እኔ በአካል፣ እሳቸው በርቀት።»