የሮዛ ማሞቂያ ሳይዘጋ የእኔ ለምን ተዘጋ?

የፌስቡክ ዘመዶቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ዛሬ ጠዋት ጋዝ የሚፈትሸው ሰው መጥቶ የእኔን የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ዘጋ፤ የጎረቤቴን የሮዛን ግን ሳይነካ ወጣ። ይህ በደል ይመዝገብልኝ!

እስከ መጨረሻው አንብቡ። ግን እኔን የሚያስመሰግን ነገር እንዳትጠብቁ።

የምኖረው እዚህ እስራኤል፣ ርሖቮት ከተማ፣ ኦሺዮት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሮዛ ከሥሬ፣ ሁለተኛው ላይ ናት። ማሞቂያዎቻችን አንድ ዓይነት ናቸው። ሕንፃው ሲሠራ አንድ ሰው ነው ለሁላችንም የገጠመልን።

የጋዙ ሰው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው?

የኛው ልጅ! መስፍን ይባላል፤ አባቱ እንደኔው የጎንደር ሰው ናቸው። ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ ነው፣ «እማማ» እያለ ገባ። ደስ ብሎኝ ብርቱካን ላጥኩለት።

ከዚያ ማሞቂያው ወዳለበት የኋላ በረንዳ ሄደ። ሙቅ ውሃ ክፈቱ አለ። ከኪሱ ትንሽ መሣሪያ አወጣ። መሣሪያው ጮኸ። ጋዙን ዘግቶ ቀይ ወረቀት ለጠፈበት።

ብርቱካኑን እንኳ ሳይቀምስ!

የማሞቂያው ጭስ ቤት ውስጥ እየቀረ ነው አለኝ። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ግን ሰው ይገድላል አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ እኮ ጭስ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ቤታችን ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር አልነበረውም። ቤት ውስጥ ጭስ ካለ ከማንም ቀድሞ የሚያለቅሰው የእኔ ዓይን ነው። የማይታይ ጭስ ማን ሰምቶ ያውቃል?

መስፍን ወደ ሮዛ ወረደ። እኔም ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። በአምስት ደቂቃ ወጣ። ገልመጥ አድርጌ በበሩ እስከ ኋላ በረንዳዋ አየሁ።

ቀይ ወረቀት የለም!

እናንተ ብትሆኑ ዝም ትላላችሁ?

እኔ ዝም አላልኩም። ተከትዬው ግቢ ወረድኩና የመኪናውን በር ያዝኩበት። ለሮዛ የተደረገው ለእኔም ካልተደረገ ከዚህ አትሄድም አልኩት። የሕንፃውን ቫዓድ፣ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ፣ ሰብሳቢ ጠራሁ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሮዛም እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወረደች፤ በሙቅ ውሃ ታጥባ ማለት ነው! ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

መስፍን ስለ ማሞቂያዬ ጭስ ማውጫ ቧንቧ ሊያስረዳኝ ጀመረ። አላስጨረስኩትም።

«ቧንቧዎቻችን አንድ ናቸው! ሁላችሁም ቀና በሉና ቁጠሩ!»

ሁሉም ቀና አለ። እኔም ጣቴን ዘርግቼ መቁጠር ጀመርኩ።

አንደኛ ፎቅ፣ ቧንቧ ወደ ውጭ ወጥቷል። ሁለተኛ ፎቅ፣ የሮዛ ቧንቧ ወጥቷል። ሦስተኛ ፎቅ፣ የሚያምር መስታወት።

አራተኛ ፎቅ፣ ቧንቧ።

ጣቴን የት ላግባው?

ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት ብርዱ ሲያስቸግረኝ በረንዳውን በመስታወት አዘግቼ ነበር። መስታወት ሠሪው ለቧንቧው ማለፊያ ልብሳልዎ ብሎ ለመነኝ። አዲስ መስታወት እንዴት ይበሳል? ቧንቧውን ቁረጠው አልኩት። አይሆንም አለ፤ ተከራከረኝ። ከእኔ ጋር ተከራክሮ ማን አሸንፎ ያውቃል? ቆረጠው።

ሮዛ ለሰብሳቢው ምን ብትለው ጥሩ ነው? እባክህ እኔን ከእሷ ጋር እኩል እንዳታደርገኝ!

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሌላ ምን ላደርግ፣ ሳቅሁ።

ከመስፍን ጋር ወደ ቤት ተመለስን። «ሳቭታ» (አያቴ) እያለች የምትጠራኝ የልጅ ልጄ ሺራ ትምህርት ስለሌላት እኔ ጋ ነበረች። ገላሽን ስትታጠቢ ራስሽን ያምሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ መለሰችለት።

«ሳቭታ ቤት ስታጠብ ብቻ።»

ሳቄ እዚያው ቆመ።

ይህች ልጅ እኮ ከታጠበች በኋላ ራሴን ስትለኝ ስልክ ስለምታበዢ ነው እያልኩ እቆጣት ነበር። ስልኩን ቀምቼ ግንባሯን በሻሽ አስሬ አስተኛታለሁ። ለካ በራሴ እጅ ነው የማሳምማት። (አትጨነቁ፣ መስፍን ለሐኪም አሳዩአት ስላለ እናቷ ወስዳታለች። ደህና ናት ተብላለች።)

አሁን መስታወቱ ይበሳል። አዲስ ቧንቧ ተገጥሞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከታች በኩልም ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይሠራል። ይህ ሁሉ አልቆ መስፍን ዳግም እስኪፈትሸው ድረስ ጋዙ አይከፈትም። እስከዚያው የምንታጠበው ሮዛ ቤት ነው። ፎጣ አዘጋጅታ በስልክ ጠርታኛለች። ለመላው ሕንፃ መናገሯም አይቀርም፤ ይገባኛል።

እንግዲህ ስለ ጭስ ሁሉን አውቃለሁ የምል ሴትዮ ነኝ። የማላውቀው አንድ ጭስ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ቤቴ አስገብቼ መስታወት ዘጋሁበት።

ግን እልኸኛ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። መስፍን ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አቆምኩት። ቤሰደር፣ እሺ፣ አጥፍቻለሁ አልኩት። ሮዛም እኮ በረንዳዋን በመስታወት ዘግታለች! ታዲያ ለምን የእኔን ብቻ?

ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«እማማ፣ የሮዛ ጭስ በመስታወቱ ቀዳዳ አልፎ ውጭ ይወጣል። የእርስዎ ጭስ ግን ከሺራ ጋር ገላውን ይታጠባል።»